መዝገቡ ላይ «በርበሬ» ተብሎ የተጻፈው

ሠላሳ ስምንት ዓመት በድሬሰርነት ስሠራ ከምንም በላይ ያጠብኩት የሰው ዓይን ነው። ቁስል አጥቤያለሁ፣ መርፌ ወግቻለሁ፣ አዋልጃለሁ፤ እጄ አጥርቶ የሚያውቀው ግን ዓይን ማጠብ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ዛሬም በኮንዶሚኒየማችን በርበሬ ስትቀነጥስ ዓይኗን ያሸች ሴት ካለች የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። «ሲስተር ድረሺልኝ!» ይሉኛል። ሲስተር ማለት ነርስ ነው፣ እኔ ከነርስ በታች ያለሁ ድሬሰር ነኝ ብዬ ስንቴ አስረዳሁ። አንዷም አልሰማችኝም፤ እኔም ደክሞኝ ተውኩት።

ይህን የምጽፈው በሙያዬ ልኩራራ ብዬ አይደለም። አንዲት እናት ጻፊው ስላሉኝ ነው። ለምን እንዳሉኝ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ቦሌ የተመደብኩት ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ ማግሥት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ገጠር ሠርቻለሁ፤ የዚያ ዘመን ትዝታዬ ወባና በቅሎ ብቻ ስለሆነ እዘለዋለሁ። የያኔውን ቦሌ የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ከአየር ማረፊያው መንገድ ዳር ቪላዎች ተሰልፈዋል፤ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ሲባል አስፋልቱ ያልቅና ጭቃው ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጎሮ ድረስ የጤፍና የምስር ማሳ ነው። ዛሬ ለሚ ኩራ ተብሎ ፎቅ የበቀለበትን አገር እኔ በቦቲ ጫማ ለክትባት ዞሬበታለሁ። ገበሬዎቹ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብለው ደኅና ማደሬን ሲጠይቁኝ መልሱን እስክለምድ ወር ፈጅቶብኛል።

ክሊኒካችን ባለ ሦስት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። አንዱ ካርድ የሚወጣበት፣ አንዱ የምናክምበት፣ ሦስተኛው ደግሞ መስኮት የሌለው የመድኃኒት ክፍል። ደሞዙ ለአንድ ሰው አይበቃም፣ ወረቀቱ ለሦስት ሰው ይተርፋል። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ሰኞ ሰኞ ለውይይት ሰብስቦን ስለ ንቃት ሲያስተምረን፣ በር ላይ ሕፃን እያለቀሰ «ትንሽ ይጠብቅ» የሚል ሰው ነበር። ያቺን አልረሳለትም።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ጫንያለው ናቸው። ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ድሬሰርነት ፈጅተው ወደኛ የመጡ፣ ረጅምና ደረቅ፣ ቀልዳቸው እንኳ ትእዛዝ የሚመስል ሰው። ጠዋት ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ጓሮ ወዳሉት ባሕር ዛፎች ቀና ይላሉ። ጫፋቸው ወዴት እንዳዘነበለ ያዩና «አግዳሚውን ወዲህ» ይሉኛል። እኛ አንድ የእንጨት አግዳሚ ነበረችን፤ በየጠዋቱ ወደ ነፋስ አቅጣጫ የምትዞር። ትንፋሽ ያጠረው፣ ዓይኑ የነደደ፣ ጭስ የነካው ሰው ሁሉ እዚያች ላይ ፊቱን ወደ ነፋሱ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው።

ይህ ነገር ከአገሬው ጋር በየቀኑ ያጣላቸዋል። የኛ ሰው እንደምታውቁት ከጠላት ይልቅ ነፋስ ይፈራል። የታመመ ሰው ይሸፈናል፣ በር ይዘጋበታል፣ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። «ነፋስ ይመታታል» ብላ በሽተኛዋን በጋቢ ጠቅልላ የመጣች አክስት ስንት ጊዜ ተከራክራቸዋለች! ጋሽ ጫንያለው ጋቢውን እየገፈፉ «ነፋስ የመታውን አክሜ አላውቅም፤ ነፋስ ያጣውን ግን ቀብሬአለሁ» ይሏታል።

ውኃ ላይም ልማድ ነበራቸው። ከማንቆርቆሪያው ጥቂት በመዳፋቸው ይቀበሉና መጀመሪያ የራሳቸውን ዓይን ያጥቡበታል፤ ለእርሳቸው ዓይን ያልተስማማ ውኃ ለሰው ዓይን አይሆንም። ከዚያ የተጎዳው ዓይን ወደ ታች እንዲሆን የሰውዬውን ራስ ያዘነብላሉ። ከአፍንጫ ሥር ወደ ጆሮ በኩል በቀስታ ያፈሳሉ፤ ውኃው ወደ ደኅናው ዓይን መሻገር የለበትም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ዓይን ላይ ሩብ ሰዓት ሙሉ አፍስሼ ክንዴ ዝሎ ማንቆርቆሪያውን ላስቀምጥ ስል «ማን በቃ አለሽ?» አሉኝ። «አሁን ደኅና ናት» ብላቸው፣ «እሱን የምታውቀው እሷ ናት። ዓይኗን ገልጣ እስክታይሽ ድረስ አፍስሺ» አሉ።

እጃችን ሥራ የማይፈታው በወፍጮ ቤቱ ምክንያት ነው። ከክሊኒኩ ቁልቁል በርበሬ የሚፈጭበት ትልቅ ወፍጮ ነበር። ዛላ የሚቀነጥሱ፣ የሚያበጥሩ፣ የሚያስፈጩ ሴቶች ዓይናቸው ቀልቶ፣ እጃቸው እሳት ሆኖ ይመጣሉ። ሁሉም ቅቤ ተቀብተው ነው የሚመጡት። ቅቤ ያበርዳል ብለው እጃቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ አንዳንዶቹማ ቅንድባቸውን ሳይቀር። ጋሽ ጫንያለው ይናደዳሉ። በርበሬ ቅባት ካገኘ ሥር ይሰዳል እንጂ አይለቅም፤ የሚያነሣው ቀዝቃዛ ውኃና ሳሙና ነው። «ቅቤ ለፀጉር ነው፣ ወተት ለጥጃ ነው፣ ሎሚ ለሰላጣ ነው፣ ለዓይን ውኃ!» እያሉ ነው የሚያጥቧቸው።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ እትዬ ለምለም ነበሩ። ከትግራይ ከባላቸው ጋር መጥተው፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ በወፍጮ ቤቱ ሥራ አንዲት ልጅ ያሳድጋሉ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ዓይናቸውን ከሩቅ ሆኜ ሳጥብ አይተው «ምነው አስካለ፣ ዓይኔ አይነክስሽም እኮ» ብለውኛል። ልጃቸው ሂሩት ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። አስም አለባት። በወር አንዴ ሁለቴ ደረቷ እያፏጨ ትመጣና ጋሽ ጫንያለው መርፌዋን ወግተዋት፣ አግዳሚዋ ላይ ትንሽ አረፍ ብላ፣ መጽሐፏን አንብባ ትሄዳለች። ስሟን ብቻ ሳይሆን የትንፋሿን ድምፅ አውቀዋለሁ።

አስለቃሽ ጭስ የመጣብን በነዚያው መጀመሪያ ዓመታት ነው። ያኔ ገና ጥይቱ ሳይለመድ፣ ተማሪ ሲሰበሰብ ቀድሞ የሚወረወረው ጭስ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልጆች ያከምናቸው ልክ እንደ ወፍጮ ቤቱ ሴቶች ነው፤ ነፋስ፣ ውኃ፣ ልብስ ማስወለቅ። ሲሄዱ መዝገቡን ገለጥኩ። «የሕመሙ ምክንያት» የሚል ዓምድ አለው። ብዕሬን አንሥቼ ጋሽ ጫንያለውን አየኋቸው። መዝገቡን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጻፉ፦ በርበሬ።

«ቀበሌው በየሳምንቱ ይህን መዝገብ እንደሚያይ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ዓይኑ የቀላ ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤት ነው የዋለ።»

ታማሚን «ምን ነካህ?» ይሉ እንደሆን እንጂ «የት ነበርክ?» ብለው የማይጠይቁበት ምክንያት ያኔ ነው የገባኝ። በዚያች አንዲት ቃል ስንቱን ልጅ ከጥያቄ እንዳዳኑት እግዚአብሔር ያውቃል። ያቺው ቃል አንዲት ሴት ላይ ምን እንደምትሠራ ግን እርሳቸውም እኔም አላሰብንም።

ያ ቀን ጥቅምት ውስጥ ነበር፣ ነፋስ የበዛበት ከሰዓት። ተማሪዎች አስፋልቱ ላይ ወጥተው ሲጮኹ ከሩቅ ይሰማናል። ከዚያ የታፈነ ድምፅ፣ ድው ድው የሚል። ጋሽ ጫንያለው ጆሮአቸውን አቀኑ። «ጥይት አይደለም። መርፌ ጣጂ፣ ውኃ ሙይ» አሉኝ። ያኔ መርፌ የብርጭቆ ነው፤ ላምባ ምድጃ ላይ ተቀቅሎ ነው የሚወጋበት።

ብዙም ሳይቆይ አራት ተማሪዎች በጓሮ በር ገቡ። ሦስቱ ወንዶች ፊታቸውን በእጅጌያቸው እያሹ ነው። «እጅ ከፊት ላይ ይነሣ!» ብለው ጋሽ ጫንያለው ጮኹባቸው። አንደኛው ሹራቡን በራሱ ላይ ስቦ ሊያወልቅ ሲል ጋሽ ጫንያለው እጁን ያዙት፤ በፊቱ ላይ ከጎተተው ሹራቡ የያዘውን ዱቄት ሁሉ መልሶ ዓይኑና አፉ ውስጥ ይከተዋል። መቀስ አንሥተው ከፊት ለፊት ቀደዱት።

«ኧረ እናቴ ትገድለኛለች!» አለ ልጁ።

«ዓይን ኖሮህ ትግደልህ» አሉት።

ሦስቱን ስናጥብ ሁለት ማንቆርቆሪያ አለቀ። ዓይናቸውን መግለጥ ሲችሉ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ባሕር ዛፉ ሸኘናቸው። አራተኛዋ ሂሩት ነበረች። እሷን ያስጨነቃት ትንፋሿ ነው። አግዳሚዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ደግፋ፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ ሰጥታለች። ደረቷ ከቆምኩበት ይሰማኛል። ጋሽ ጫንያለው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው ትንሽ አዳመጡና ወደኔ ዞሩ።

«ይቺን ከነፋስ ላይ እንዳታነሻት። ሹራቧን ቅደጂላት። ውኃ ቀድቼ ስመለስ መርፌው ይደርሳል፣ እወጋታለሁ» አሉና ባዶውን ማንቆርቆሪያ ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄዱ።

መቀሱን አንሥቼ ቀና ስል ሦስት የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ እንዳነገቱ ወደ በራችን ሲመጡ አየሁ።

የሆነውን ሳላሳምር ልጻፈው። መቀሱን ጣልኩት። ሂሩትን ብብቷን ይዤ አነሣኋት። መድኃኒት ክፍል አስገብቼ የካርቶን ክምር ላይ አስቀመጥኳት። ሹራቧን አላወለቅኩላትም።

«ምንድን ነው?» አለችኝ በተቆራረጠ ትንፋሽ።

«መጡ። ለአንድ ደቂቃ ነው። እንዳትስዪ።»

«እሺ» አለችኝ። ቆለፍኩባትና ቁልፉን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ስወጣ ጥበቃዎቹ በር ላይ ደርሰዋል። የፊተኛው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እንደ ዕውር ይዳብሳል። እንባና ንፍጡ ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ደርሷል። «እኅቴ፣ በናትሽ ዓይኔን!» አለኝ። ሁለቱ ከኋላው እየሳሉ ተከተሉት። ነፋሱ ጭሱን መልሶ እነርሱው ላይ አምጥቶት ነው። ሊፈልጉ አልመጡም። ሊታከሙ ነው የመጡት።

ጋሽ ጫንያለው ማንቆርቆሪያቸውን ሞልተው ተመለሱ። አግዳሚዋ ላይ ሂሩት የለችም፤ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ተቀምጠውባታል። እኔን አዩኝ። የተዘጋውን የመድኃኒት ክፍል አዩ። ፊታቸው እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ግን ድምፃቸውን አልለወጡም።

«ማነው ወደ ነፋስ የወረወረው?» አሉ፣ የፊተኛውን ራስ እያዘነበሉ።

«እኛ አልወረወርንም አባት፣ ፖሊሶቹ ናቸው። እኛ እንዲያው መሐል ገብተን…» አለ ሰውዬው።

ሦስት ሰው ስድስት ዓይን ነው። ውኃው ሲወርድ ቤቱ ውስጥ የታፈነ ሳል ሰማሁ። ሳፋውን አንሥቼ ከድንጋይ ጋር አጋጨሁት። እንደገና ሳለች፣ እኔም እንደገና አጋጨሁ። ጋሽ ጫንያለው ጥቂት አፍስሰው «በቃህ፣ ቀጥል አንተ» አሉ። በሽተኛን በቃህ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰውዬው ግን እጃቸውን ይዞ «ምነው አባት፣ ገና ያቃጥለኛል እኮ! እጅዎ እንዴት ደስ ይላል» አላቸው። ቢቸኩሉ ይጠረጠራሉ፤ እንደገና አፈሰሱ።

ከጥቂት በኋላ ሳሉ ቆመ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ የምትከብደኝ ይህች መስመር ናት፤ ግን እውነት ናት፦ ሳሏ ሲቆም ደስ አለኝ።

ሰዎቹ ፊታቸውን በፎጣችን አድርቀው፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ሄዱ። አጥሩን እስኪያልፉ ቆምን። ከዚያ ቁልፉ ከጉድጓዱ አልገባልኝ አለ፤ ጋሽ ጫንያለው ነጥቀውኝ ከፈቱ።

የሹራቧን እጅጌ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር፣ ሳሉን ለማፈን። ያንኑ ጭስ የጠጣ ሹራብ። አስሟን የሚያስታግሰው መድኃኒት ከራሷ በላይ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል። ጋሽ ጫንያለው ተሸክመው አግዳሚዋ ላይ አወጧት፣ ሹራቡን ቀደዱት፣ ትንፋሻቸውን ሰጧት፣ ደረቷን ተጫኑ። «መርፌ!» ሲሉኝ ሮጥኩ። ምድጃው ላይ ውኃው ተንኖ አልቆ መርፌው ተሰንጥቆ ነበር። ሌላ አምጥቼ ወጉ። እኔ እንደማልጠቅም ሳውቅ እጇን ያዝኩ። እርሳቸው ግን ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ አላቆሙም። ባሕር ዛፉ ከላያችን ይወዛወዛል፤ ነፋሱ ያን ያህል ነበር።

ሲበቃ መዝገቡን አምጪ አሉኝ። በጉልበታቸው ላይ አድርገው ጻፉ። ስም፣ ዕድሜ፣ ከዚያ ያችኑ ቃል። እጄን መዝገቡ ላይ አድርጌ «ጋሼ፣ እንዲህ አይባልም» አልኳቸው።

«ጭስ ብለን ከጻፍን ዛሬውኑ ይመጣሉ። ቤቷን ይበረብራሉ፣ እናቲቱን ይወስዷታል፣ ሬሳውንም አይሰጧትም። ይቺን ልጅ እናቷ ትቅበራት» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ለእትዬ ለምለም አስቤ ብቻ አይደለም። ያቺ ቃል እኔንም ደበቀችኝ።

እትዬ ለምለም ከወፍጮው ሮጠው መጡ፤ ልብሳቸው፣ ቅንድባቸው፣ ነጠላቸው ሁሉ ቀይ ነው። «ምን ሆና ነው?» አሉ። ጋሽ ጫንያለው መንገዱ ላይ ጠብቀው በሁለት እጃቸው ትከሻቸውን ያዙና፣ «አስሟ ተነሥቶባት ነው የመጣችው። በርበሬ ነው ያፈናት። አልቻልንም፣ ልጄ» አሏቸው። እትዬ ለምለም ወዲያው አልጮኹም። ጎንበስ ብለው ነጠላቸውን አዩ። ከላያቸው ገፈው መሬት ላይ ወረወሩት። ከዚያ «ወይለይ ጓለይ!»፣ ወዮ ልጄ፣ ብለው በአገራቸው ቋንቋ የጮኹት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነጠላውን የጣሉት ከሐዘን ብዛት መሰለኝ። እኔ አንሥቼ አጥፌ አስቀመጥኩላቸው፤ መጥተው አልወሰዱትም።

በማግሥቱ ጋሽ ጫንያለው የመድኃኒት ክፍሉን ጓጉንቸር ነቅለው ጣሉት። ኃላፊው ሲጠይቃቸው «ዝጓል» አሉ። እኔን አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ሳምንት አልፎ አግዳሚዋን ስናዞር ብቻ፣ ዓይናቸውን ከባሕር ዛፉ ሳያነሡ «ጠመንጃውን አየሽ፣ ዓይናቸውን አላየሽም» አሉኝ።

ዝውውር ጠይቄ ጎሮ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ የከተማው ነገር ወደ ጥይት ተለወጠ፤ ለሱ ደግሞ ውኃ አይረዳም። ጎሮ ላይ አንድ ቀን አንድ ገበሬ ቤት ዛላ በርበሬ የተከመረበት ጆንያ እሳት ያዘው። የተቃጠለ በርበሬ ጭስ ከአስለቃሹ አያንስም። ስደርስ እሳቱ ጠፍቷል፤ አማትየዋ ግን የሚያስሉትን ልጆችና አራሷን ጓዳ አስገብተው፣ ነፋስ ይመታቸዋል ብለው በሩን ከውስጥ ቀርቅረውታል። ክፈቱ ብል «አራስ ናት፣ አይሆንም» አሉኝ። በትከሻዬ ሰብሬ ገባሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ነፋሱ ጎተትኳቸው፣ ሁሉም ተረፉ። አማትየዋ ስለ በሩ ቀበሌ ከሰሱኝ። በሩን ደስ ብሎኝ አሠራሁ።

ጋሽ ጫንያለው ጡረታ ወጥተው ብዙም አልቆዩ። ደርግም ወደቀ። እኔም በየጤና ጣቢያው ስዞር ዕድሜዬ አለቀና፣ እዚሁ በምሥራቅ በኩል ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ገባሁ። እድር ስመዘገብ ነው ከፊቴ የተሰለፉትን አሮጊት ያወቅኋቸው። እትዬ ለምለም ናቸው፤ የድሮ ቤታቸው ፈርሶ እዚሁ ብሎክ ምድር ቤት ተሰጥቷቸዋል። አቅፈው ሳሙኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄን እስከ መጨረሻዋ ያከመችልኝ ናት» እያሉ አስተዋወቁኝ። በየሄድኩበት ይህን ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ ለማንም አልተናገርኩም።

የዛሬ ዓመት በጥቅምት መድኃኔዓለም ቤታቸው ዝክር ጠሩን። የቀረበው ሁሉ አልጫ ነው፤ ድንች አልጫ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን። አንዷ ጎረቤት «እትዬ ለምለም፣ በርበሬ አገር ጥሎ ጠፋ እንዴ?» ብላ ቀለደች። «ጨጓራዬ ነው» አሏት። ሰው ሲበተን ብርጭቆ ላጥብ ቀረሁ።

«ጨጓራ የለብኝም» አሉኝ፣ አጠገቤ ቆመው እያደረቁ። «ላንቺ ምን እደብቃለሁ፣ አንቺ ነበርሽ። ሂሩት ከሞተች በርበሬ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ያን ቀን ምሳዬን ይዛልኝ ወፍጮ ቤት መጥታ ነበር። አልቧታል። በነጠላዬ ፊቷን ጠረግሁላት። ጠዋቱን ሙሉ ወፍጮው ሥር ለብሼው በዋልኩት ነጠላ! ጋሽ ጫንያለው በርበሬ ነው ሲሉኝ ወዲያው ገባኝ። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ አስካለ።»

ያን ነጠላ ያጠፍኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ዘመን አልገባኝም ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ብርጭቆውን አጥቤ፣ ደኅና ይዋሉ ብዬ፣ ደረጃውን ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። ፈሪ ነኝ። እጄ ሰውን ያድን እንደሆነ እንጂ ልቤ ፈሪ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወረድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጭሱን፣ ጥበቃዎቹን፣ መድኃኒት ክፍሉን፣ መዝገቡን። አንዴም ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«የቆለፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሊይዟት አልነበረም የመጡት?»

«አልነበረም። ዓይናቸውን ሊታጠቡ ነው።»

«ትተሻት ቢሆንስ ኖሮ? አግዳሚው ላይ?»

«አላውቅም እትዬ። ትተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ።»

«ስትቆልፊባት ምን አለችሽ?» አሉኝ።

«እሺ ነው ያለችኝ።»

«ለሰው እሺ ባይ ነበረች። ለእኔ ነው የማትታዘዘው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። «ዛሬ ሂጂልኝ።»

ሄድኩ። ሳምንት ሙሉ በራቸው ዝግ ነበር። በስምንተኛው ቀን ጎረቤት ልከው አስጠሩኝ። ቁጭ በይ አላሉኝም።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «ያ መዝገብ ግን ማንበብ በሚችል ሰው ሁሉ ፊት በርበሬ ይላል። አስተካክለሽ ጻፊው።»

«መዝገቡ የለም እኮ። ክሊኒኩም ፈርሷል።»

«ደብተር አይሸጥም?»

ለዚህ ነው የጻፍኩት። ደብተር ገዝቼ፣ ከሙያዬ መጀመሪያ አንሥቼ፣ ጋሽ ጫንያለው እንዳስተማሩኝ በቃ ሳልል። ይቅርታቸውንም ጠይቄአቸዋለሁ። «እሱን ከመድኃኔዓለም ጋር ገና እየተነጋገርኩበት ነው» ብለውኛል። አልቸኮልኩም።

ትናንት ከሰዓት ደብተሩን ይዤ ወረድኩ፤ ይህችን የመጨረሻዋን በሌላ ወረቀት ነው የምጽፋት። ወንበራቸውን አውጥቼ ነፋስ ባለበት በደጃቸው አስቀመጥኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እስከ ትናንት የጻፍኩትን ሁሉ አነበብኩላቸው። መጨረሻ ላይ በመዝገብ አጻጻፍ የጻፍኩትን አነበብኩ፦

ስም፦ ሂሩት። ዕድሜ፦ ዐሥራ ሰባት። የሕመሙ ምክንያት፦ አስለቃሽ ጭስና የተቆለፈ በር። የተደረገው ሕክምና፦ ዘግይቷል። በሩን የቆለፈችው፦ ድሬሰር አስካለ።

እትዬ ለምለም ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አስቀመጡ።

«በርበሬ የሚል የለበትም?»

«የለበትም።»

«ፈልጊ እስቲ፣ በደንብ እዪው።»

መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ እንደገና አነበብኩላቸው። «የለበትም፣ እትዬ።»

ደብተሩን ከእጄ ወስደው ዘጉት፣ ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት። ከተቀመጡበት ሳይነሡ ወደ መንገዱ ጥቂት አዩ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ይዘሽኝ ሂጂ» አሉኝ። «ዛላውን መርጬ የምገዛው ግን እኔ ነኝ። አንቺ በርበሬ አታውቂም።»